ከእንጦጦ እስከ ኮተቤ፦ የመምህሩ ክብርና እንጀራ

የእንጦጦን ሰንሰለት ይዞ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ከየካ ተራራ ግርጌ ኮተቤን ያገኛል። ከእንጦጦ እስከ ኮተቤ መንገዱ አጭር ነው፤ በዚህ መካከል የመምህርነት ሙያ የተጓዘው ጉዞ ግን ረዥም ነው። ዛሬ «መምህርነት ተናቀ፣ ወጣቱም ሸሸው» እያልን ስናማርር ችግሩ ትናንት የተወለደ ይመስለናል። እስቲ ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ።

ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፣ መምህር ማለት የኔታ ነበሩ። የኔታ በወር ደሞዝ አያድሩም፤ መተዳደሪያቸው የደብሩ መሬት ነው። ተማሪውም ቁራሽ ለምኖ እያደረ ውኃ ይቀዳላቸዋል፣ እንጨት ይለቅምላቸዋል። ኑሮው ድሎት አልነበረውም። ሆኖም የኔታን የሚያከብራቸውም የሚያበላቸውም ያው አንዱ ደብር ነበር።

በ1900 ዓ.ም. የምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ በሐና ሳሊብ የሚመሩ የግብፅ ቅብጦች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ መምህር የመንግሥት ደሞዝተኛ ሆነ። የፋሺስት ወራሪ የተማረውን ወጣት ፈጅቶ ስለነበር ከነፃነት በኋላ ፊደል የቆጠረ ሰው ብርቅ ነበር። በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከዚያ የሚወጣውን ልጅ የሚጠብቀው የመንግሥት ወንበር ወይም የውጭ አገር ትምህርት ነበር። ያ ግቢ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመምህራን ማሠልጠኛ ሆነ።

በዚያን ጊዜ መምህሩ ድምፅ ነበረው። በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተው የመምህራን ማኅበር በ1966 ዓ.ም. መንግሥትን ፊት ለፊት ገጠመ። ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንደኛው የደሞዝ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት ነው፤ ጥናቱ ለብዙኃኑ የአራት ዓመት ትምህርት እንዲዳረስ አሳብ ሲያቀርብ፣ መምህራንና ወላጆች «የድሃው ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳያልፍ ሊደረግ ነው» ብለው ተቆጡ። የካቲት 11 ቀን መምህራኑ ሥራ አቆሙ። በነዳጅ ዋጋ መወደድ የተማረሩት የታክሲ ነጂዎችም በዚያው ቀን መኪኖቻቸውን አቆሙ። ጥናቱ በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፤ በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ልብ በሉ፣ መምህሩ ያን ዕለት የጠየቀው ስለ ራሱ እንጀራ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ተማሪውም ዕድል ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን መምህሩን አሞገሰውም፣ አሳደደውም። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከተማሪው ጋር ገጠር ዘመተ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በመምህሩ ትከሻ ላይ ቆሞ የዩኔስኮን ሽልማት ለአገሪቱ አስገኘ። በመሐሉ ግን በቀይ ሽብር ብዙ መምህራን አለቁ። ሙገሳው ሲበዛ ደሞዙ ከገበያው ወደ ኋላ መቅረቱን አላቆመም።

ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ትምህርት ቤቱም ተማሪውም በእጅጉ በዛ። መምህሩ ግን ከወዴት ይምጣ? ለዓመታት የአንደኛ ደረጃ መምህርነት ሥልጠና፣ 10ኛን ጨርሶ ወደ መሰናዶ ላላለፈው ተማሪ መጠጊያ ሆኖ ቆየ። በአንድ ዘመን የተመረጠ የሚገባበት ሙያ፣ ሌላ በር የተዘጋበት የሚገባበት ሆነ። በዚያ በር ገብተው ድንቅ መምህራን የሆኑ ብዙ ናቸው፤ አገሪቱ ለሙያው የሰጠችው ዋጋ ግን ከዚሁ አመዳደብ ይነበባል።

ውጤቱንም አይተናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ ሁሉም ጣቱን ወደ መምህሩ ቀሰረ። የቤት ኪራይ ከደሞዙ የሚበልጥበት፣ ከክፍል ወጥቶ ማታ ሌላ ሥራ የሚሮጥ ሰው መሆኑን ያስታወሰ ግን ጥቂት ነው።

የኮተቤው ግቢ ዛሬ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። ስሙ መልካም ነው። በየምረቃው «መምህር ሻማ ነው፣ እየቀለጠ ያበራል» ማለት ለምደናል። ሻማ ግን ሲቀልጥ ያልቃል። ደብሩ ለየኔታ ያደረገውን፣ ማክበርን ከማብላት ሳይለዩ፣ ለዛሬው መምህር ማድረግ ካልቻልን ነገ የኮተቤን በር የሚያንኳኳ ጎበዝ ከወዴት እናገኛለን?