የኬሚካል መሣሪያ ጉዳተኞች የአፍ ጤና

የኬሚካል መሣሪያ ጉዳተኞች የአፍ ጤና በመርዝ ጋዝ የተጎዱ የቀድሞ ወታደሮች ከጦርነት ብዙ ዓመታት በኋላ የሚገጥሟቸውን የጥርስ፣ የድድና የምራቅ ችግሮች የሚመለከት የሕክምና ርዕስ ነው። ጉዳዩ በተለይ በኢራን ተጠንቷል።

ታሪክ

በኢራንና ኢራቅ ጦርነት (1980–1988 እ.ኤ.አ.) የኢራቅ ጦር በኢራን ወታደሮችና ሰላማዊ ሰዎች ላይ የሰናፍጭ ጋዝ (ሰልፈር ማስታርድ) ተጠቅሟል። በሰኔ 1987 እ.ኤ.አ. የሳርዳሽት ከተማ በዚሁ ጋዝ ተደብድባለች። የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም በ1925 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነት ተከልክሎ ነበር። ጣሊያንም ኢትዮጵያን በወረረችበት ጊዜ ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ይህንኑ ጋዝ ከአውሮፕላን ጥላለች። በኢራን የጦር ጉዳተኞች «ጃንባዝ» ይባላሉ።

መንስኤ

ጋዙ በዋናነት ዓይንን፣ ቆዳንና የመተንፈሻ አካላትን ይጎዳል። የሳንባው ጉዳት ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል። የአፍ ችግሩም በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ሕመምና ከመድኃኒቶቹ ነው፦

• የመተንፈሻ ቧንቧን የሚከፍቱ መድኃኒቶች ምራቅን ሊቀንሱ ይችላሉ።
• በኢንሄለር የሚሳብ ኮርቲኮስቴሮይድ በአፍ ውስጥ የካንዲዳ ፈንገስ እንዲራባ ያመቻል።
• ለድብርትና ለጭንቀት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች አፍን ያደርቃሉ።
• ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው በአፉ ስለሚተነፍስ ድርቀቱ ይብሳል።

ምራቅ የምግብ ትራፊን ያጥባል፤ ባክቴሪያዎች የሚፈጥሩትን አሲድም ያበርዳል። ሲቀንስ ጥርስ ቶሎ ይቦረቦራል፣ አፍ ይቆስላል፣ ማኘክና መዋጥም ያስቸግራል።

ምልክቶች

የአፍ መድረቅ፣ የጥርስ መቦርቦርና መውለቅ፣ የድድ መድማት፣ በምላስ ላይ የሚታይ ነጭ ሽፋን እና የጣዕም መቀነስ ዋና ዋናዎቹ ናቸው።

እንክብካቤ

ታማሚው ለመተንፈስ የሚያስፈልገውን መድኃኒት በጥርሱ ምክንያት በራሱ ማቋረጥ የለበትም። ጉዳቱን የሚቀንሱት የሚከተሉት ናቸው፦

• ከኢንሄለር በኋላ አፍን በውኃ ተጉመጥሙጦ መትፋት፣
• በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ፣
• ውኃ ቶሎ ቶሎ መጎንጨትና ጣፋጭ መቀነስ፣
• ሕመም ሳይጠብቁ በየጊዜው የጥርስ ሐኪም ዘንድ መታየት።

ሳንባው የተጎዳ ሰው በጀርባው ተንጋሎ መተኛት ስለሚከብደው የጥርስ ሐኪሙ ወንበሩን ከፍ አድርጎ ያክመዋል። ስለዚህ ታማሚው የጋዝ ጉዳቱንና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት።