ዓይን ብቻውን አያይም
(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበው ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

ለዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው አንድ የበስራ ተወላጅ ምሁር ያነሱትን ጥያቄ ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፦ አንድን ነገር ስናይ የሚያየው ዓይናችን ነው ወይስ አእምሯችን?

አቡ ዐሊ አል-ሐሰን ኢብኑል ሀይሠም የተወለዱት በ354 ዓመተ ሒጅራ (በ965 እ.ኤ.አ) ገደማ ነው። አውሮፓውያን አልሀዘን ይሏቸዋል። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት የግብፁ ገዥ አል-ሓኪም የዓባይን ውኃ መቆጣጠር ይቻላል ማለታቸውን ሰምቶ ወደ ካይሮ አስጠራቸው። ምሁሩ ወንዙን ተከትለው እስከ አስዋን ሄዱ። በመንገዳቸው የጥንት ግብፃውያንን ግዙፍ ሕንፃዎች ተመለከቱና "ይህን ያነጹ ሰዎች ያልሞከሩትን እኔ አልችለውም" የሚል ሐሳብ አደረባቸው። ከዚህ ከእኛ ደጋ የክረምት ዝናብ ተጭኖ የሚወርድን ወንዝ በዚያ ዘመን መሣሪያ መግራት እንዴትስ ይቻል ነበር? ግን ለአል-ሓኪም "አልቻልኩም" ማለት የሚያስፈራ ነገር ነበር። በዚህም ምክንያት እብድ መስለው ገዥው እስከ ሞተበት እስከ 1021 ድረስ ከቤት ሳይወጡ ኖሩ ይባላል። ከዚያ በኋላ በአል-አዝሀር መስጂድ አቅራቢያ ተቀምጠው የሒሳብ ኪታቦችን በእጃቸው እየገለበጡ በመሸጥ ይተዳደሩ ነበር።

የዛሬው ጉዳያችን ሰባት ክፍል ያለው "ኪታቡል መናዚር" የተሰኘው መጽሐፋቸው ነው። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ኤውክሊድና በጥሊሞስ፣ ከሙስሊሞችም አል-ኪንዲ፣ ከዓይን ጨረር ወጥቶ ዕቃውን ይነካል ብለው ያስተምሩ ነበር። ኢብኑል ሀይሠም ግን ብርሃን ከዕቃው ተነሥቶ ወደ ዓይን እንደሚገባ አስረዱ። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በዚህ ነው። እኛ ግን ይበልጥ የሚደንቀን ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ያለው ነው። ብርሃንና ቀለም ወደ ዓይን ገቡ እንበል። ታዲያ "ይህ ሩቅ ነው፣ ይህ ትልቅ ነው፣ ይህ የጎረቤቴ ልጅ ነው" የሚለውን ከየት አመጣነው? ርቀት ራሱ ብርሃን አይደለም፤ ዓይን ውስጥ አይገባም።

መልሳቸው "ቂያስ" የሚል ነው። ፊቅህ የቀራችሁ ቃሉን ታውቁታላችሁ። እዚህ ላይ ግን ሸሪዓዊውን ቂያስ ማለታቸው አይደለም። አእምሮ ያየውን ከዚህ በፊት ካወቀው ጋር አነጻጽሮ ብያኔ ይሰጣል ማለታቸው ነው። ብያኔው በጣም ፈጣን ስለሆነ ሰውየው ራሱ ማነጻጸሩን አያውቅም፤ በቀጥታ ያየ ይመስለዋል። ለዚህ ያመጡት ምሳሌ ደስ ይላል። ለሕፃን ልጅ ሁለት ቱፋሕ ብታቀርቡለትና አንደኛው የተሻለ ያማረ ቢሆን እርሱን ይመርጣል። ለመምረጥ ሁለቱን አወዳድሯል፤ ያማረው ይሻላል ብሎም ፈርዷል። ነገር ግን ውድድር ምን እንደሆነ ብትጠይቁት አያውቅም።

ከስምንት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ1867 ባጠናቀቀው የእይታ ሳይንስ መጽሐፉ "ሳይታወቀን የምንደርስበት ድምዳሜ" የሚል ሐሳብ አቀረበ። ዛሬም ስለ እይታ የሚያጠኑ የሥነ ልቦና ምሁራን ከዚህ ሐሳብ ይነሣሉ።

ሌላው ምሳሌ ንባብን ይመለከታል። ማንበብ የለመደ ሰው "አብጀድ" የሚለውን ቃል ሲያይ አሊፍ፣ ባ፣ ጂም፣ ዳል እያለ ፊደል አይቆጥርም፤ የቃሉን መልክ እንዳየ ያውቀዋል ይላሉ። ልጆቹን ቁርኣን ያስቀራ ወላጅ ይህን በቤቱ አይቶታል። መጀመሪያ ልጁ በጣቱ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ ይንተባተባል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ጣት በቃሉ ላይ ሸርተት ብሎ ያልፋል። በ1886 ጄምስ ካቴል የተባለ አሜሪካዊ በላይፕዚግ ባደረገው ምርምር አጭር ቃልን ለማወቅ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ፊደልን ለማወቅ ከሚፈጀው እምብዛም እንደማይበልጥ ለክቶ አሳየ። እርግጥ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች አንባቢው ፊደላቱን ጨርሶ እንደማይዘላቸው፣ ይልቁንም በአንድ ጊዜ አብሮ እንደሚያያቸው ያመለክታሉ። ስለዚህ ምሁሩ በሁሉም ነገር ትክክል ነበሩ አንልም።

ስለ ጨረቃም እንነጋገር። በወሩ አሥራ አራተኛ ሌሊት ጨረቃ ከተራራው ጫፍ ስትወጣ ግዙፍ ናት፤ መካከለ ሰማይ ስትደርስ ታንሳለች። እውን ታንሳለች? ክንዳችሁን ዘርግታችሁ በትንሿ ጣታችሁ ጥፍር ሸፍኗት፤ በሁለቱም ጊዜ እኩል ትሸፈናለች። በጥሊሞስ በአልመጀስጢ ኪታቡ ምክንያቱን ከአየሩ እርጥበት ጋር አያይዞት ነበር። ኢብኑል ሀይሠም እንፋሎትን ጨርሰው ባይተዉም ዋናውን ምክንያት ወደ አእምሮ አዞሩት። በአድማስ ላይ በእኛና በጨረቃዋ መካከል ዛፍ፣ ቤት፣ ኮረብታ አለ፤ ስለዚህ ሩቅ ናት ብለን እንፈርዳለን። ሩቅ ሆኖ በዚህ ልክ የሚታይ ነገር ደግሞ ትልቅ መሆን አለበት። በ1962 ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን፣ ካውፍማንና ሮክ፣ ተመሳሳዩን ማብራሪያ በሙከራ ደገፉት። ይሁን እንጂ ክርክሩ አላበቃም፤ ብዙ ሰው ሲጠየቅ ትልቋ ጨረቃ ቀረብ ያለች መሰለችኝ ይላልና!

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። "የሙከራ ሥነ ልቦና መሥራች ኢብኑል ሀይሠም ናቸው" የሚል ጽሑፍ በ1999 በአንድ ኢስላማዊ የምርምር መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ተቀባበልነው፤ እኛም በዚህ ዝግጅት እንዲያው ለማለት ተፈትነን ነበር። ነገር ግን በ1860 ፌክነር የጀመረው ጥናት ዋና ነገሩ ስሜትን በቁጥር መለካት ነው። ኢብኑል ሀይሠም ጥንቃቄ የተሞላባቸው ሙከራዎች አድርገዋል፤ ስሜትን ግን በቁጥር አልለኩም። ባልሠሩት ሥራ ብናመሰግናቸው የሠሩት ይሸፈናል። እርሳቸው ራሳቸው "አሽ-ሹኩክ ዐላ በጥሊሞስ" በተሰኘው ኪታባቸው እውነትን ፈላጊ የቀደምት ሊቃውንትን ቃል እንዲመረምር፣ የራሱንም መረዳት እንዲጠራጠር መክረዋል።

በሦስተኛው ክፍል የዓይንን ስሕተት በሦስት ይከፍሉታል፦ ከስሜቱ ከራሱ የሚመጣ፣ ከማወቅ የሚመጣና ከቂያስ የሚመጣ። በጀርባው ያየነውን ሰው ወንድማችን መስሎን ስንጣራው ሌላ ሰው ሆኖ ሲዞር ዓይናችን አልሰነፈም፤ የቸኮለው የምናውቀው መልክ ነው። "በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ" ብለን ስለ ሰው ከመመስከራችን በፊት የትኛው ክፍላችን እንዳየ መጠየቅ ይገባ ነበር።

ኪታቡ ወደ ላቲን ተተርጉሞ በ1572 ባዝል ከተማ ውስጥ ታትሟል። በሙስሊሙ ዓለም ከማል አድ-ዲን አል-ፋሪሲ ሰፊ ማብራሪያ ጻፉበት። የኪታቡ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች በተጻፉበት በዐረብኛ ተጣርተው ኩዌት ውስጥ የታተሙት ግን በ1983 ነው፤ ከላቲኑ ከ411 ዓመታት በኋላ።