ዳንግላና ያልተጨረሰው ስምጥ

እ.ኤ.አ. በ1925 ሮበርት ቺዝማን የተባለ እንግሊዛዊ ሻለቃ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ ተሾመ። መቀመጫው ጎንደር አልሆነም፤ ደብረ ማርቆስም አልሆነም። ቆንስላው የነበረው በአገው ምድር፣ ዳንግላ ላይ ነው። ቺዝማን እስከ 1934 ድረስ በዚሁ ሹመት ቆይቶ የጣናን ዳርቻ ዞረ፤ የዓባይን አካሄድ እየተከተለ በካርታ አሰፈረ፤ ያየውንም በ1936 በመጽሐፍ አሳተመ።

አንዲት የደጋ ገበያ ከተማ ቆንስላ የተከፈተላት ለምንድን ነው? መልሱ ውኃ ነው። ውኃውን እዚያ ያቆመው ደግሞ ድንጋይ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 ከብሪታንያ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ፍሰቱን የሚያግድ ሥራ ያለ ብሪታንያና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት ላለማሠራት ተስማምተው ነበር። ከዚያ ወዲያ ጣና ከእንግሊዞች ዓይን ርቆ አያውቅም። በ1920 እና በ1921 የሱዳን መንግሥት የጂኦሎጂ ባለሙያ ግራብሃም፣ ብላክ ከተባለ ባልደረባው ጋር መጥቶ ሐይቁን አጠና፤ ዘገባቸው በ1925 ካይሮ ላይ ታተመ። ራስ ተፈሪም ዝም ብለው አላዩም። በ1927 ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ወደ አሜሪካ ልከው ጄ. ጂ. ዋይት ከሚባለው የምህንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ እንዲነጋገሩ አደረጉ። ወሬው ለንደን ሲደርስ ብዙ አስደነገጠ።

ይህ ሁሉ ሽሚያ የመጣው ከሐይቁ ቅርጽ ነው። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። መውጫው ላይ ውኃው አንድ ሜትር ከፍ እንዲል ቢደረግ 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይጠራቀማል። ለመሐንዲስ እንዲህ ያለ ቦታ ሲሳይ ነው። ግማሹን ሥራ ደግሞ ተፈጥሮ ቀድማ ሠርታዋለች፤ ከሐይቁ በስተደቡብ የፈነዱ ወጣት እሳተ ገሞራዎች ያፈሰሱት ላቫ የዓባይን መውጫ ገድቦ ውኃውን ወደ ኋላ አቁሞታል። በባሕር ዳር ዙሪያ ማሳ ውስጥ የሚታየው ጥቁር ድንጋይ የዚያ ላቫ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚወረወረውም ከዚሁ ላቫ ጫፍ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ላቫው የዘጋው ቀድሞ የጎደጎደ ቦታ ነው። ጎድጓዳው ራሱ ከላቫው በዕድሜ እጅግ ይበልጣል፤ የጣና ነገር ለጂኦሎጂ ሰዎች አጓጊ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው።

በ1998 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ስለ ጣና ተፋሰስ አፈጣጠር አንድ ጥናት አሳተመ። ከቡድኑ አባላት መካከል በአዲስ አበባ ለዓመታት የሠራውና በ1960ዎቹ መጀመሪያ «የኢትዮጵያ ጂኦሎጂ» የተባለውን መጽሐፍ ያዘጋጀው ፖል ሞር፣ እንዲሁም ተስፋዬ ቆርሜ ይገኙበታል። የደረሱበት ድምዳሜ እንዲህ የሚል ነው፦ ጣና የተቀመጠው ሦስት ግራበኖች በሚገናኙበት ስፍራ ላይ ነው። ግራበን ማለት በሁለት ትይዩ ስንጥቆች መካከል ወደ ታች የወረደ ረጅም መሬት ነው። አንደኛው ከሐይቁ ደቡብ ምዕራብ፣ በደንገል በር በኩል ያለውና ለዳንግላ የሚቀርበው ነው፤ እሱ ተቀብሯል። ሁለተኛው የጎንደሩ ሲሆን የሸፈነው ድንጋይ እየተሸረሸረ ዳግም እየተገለጠ ነው። ሦስተኛው የደብረ ታቦር ነው፤ እሱ ደግሞ ከረጅም ጊዜ ጸጥታ በኋላ እንደገና ተነቃንቋል። ሦስቱም የተንቀሳቀሱት የደጋው ባሳልት፣ ማለትም ከላቫ የተሠራው ጥቁር ድንጋይ፣ ይከመር በነበረበት ዘመን፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ ቆይቶ፣ ባለፉት ጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ፣ መሬቱ ሲሳብ የተከፈቱት አዲስ ስንጥቆች ብቻ አልነበሩም፤ ጥንት የተሰነጠቀውም ዳግመኛ ተከፈተ።

በአዊ ቀርከሃ የሚሰነጥቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቢላዋው የሚሄደው እጁ በገፋው በኩል ብቻ ሳይሆን ቀርከሃው ሲያድግ ጭረቱ በተሰለፈበት በኩል ነው። የምድር ቅርፊትም እንዲሁ ጭረት አለው። የምሥራቅ አፍሪካን ጭረት የሠራው ከ550 ሚሊዮን ዓመታት በፊትና ከዚያ ቀደም ብሎ የሆነ ግጭት ነው፦ በመካከላቸው ውቅያኖስ የነበረ ሁለት የጥንት አህጉር ክፍሎች እየተቀራረቡ ውቅያኖሱን ዘጉት፤ ድንጋዩም በመጋጠሚያው ላይ ታጠፈ፣ ተጨመቀ፣ ቀለጠ። ያ ጥንታዊ አለት በዳንግላ በባሳልት ተሸፍኗል። ወደ ምዕራብ፣ ወደ መተከል ቆላ ሲወረድ ግን ብቅ ይላል፤ በጉባ ታላቁ የህዳሴ ግድብ የቆመው በእሱ ላይ ነው። የመጋጠሚያ መስመሮቹ ከተዘጉ ከብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት በኋላም ከዙሪያቸው ካለው ድንጋይ የደከሙ ናቸው። ካናዳዊው ቱዞ ዊልሰን በ1966 ስለ አትላንቲክ ያነሣው ጥያቄ የዚሁ ዘመድ ነው፦ ውቅያኖሱ አንድ ጊዜ ተዘግቶ፣ በዚያው አካባቢ እንደገና ተከፍቶ ይሆን?

በጥንቱ ግጭትና በባሳልቱ መካከል ሌላ ዘመን አለ። ከዳንግላ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ፣ ልብ ባይለውም፣ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያየዋል። አውቶቡሱ የዓባይን በረሃ ጠመዝማዛ መንገድ ይዞ ሲወርድ በመጀመሪያ ጥቁሩ ባሳልት ያልቃል፤ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፣ ንብርብሩ ከሩቅ የሚለይ፤ ቀጥሎ ጂፕሰም ያለበት ንብርብር፤ ወደ ድልድዩ ሲቀረብ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ። ባሕር መጥቶ የሄደበት፣ ወንዝ አሸዋ ያራገፈበት ምድር ነው። ብዙ አጥኚዎች እንደሚሉት ይህ ሁሉ ደለል የተከማቸው ጎንድዋና የተባለው ታላቅ አህጉር ሲከፋፈል በተከፈተ፣ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በሚሄድ የጥንት ስምጥ ውስጥ ነው። የሱዳን ነዳጅ የወጣበት የሙግላድ ተፋሰስም አቅጣጫው ይኸው ነው። ከጣና በስተደቡብ ምሥራቅ በተደረገ የመሬት ውስጥ ልኬት ደግሞ፣ ከስስ ባሳልት ሥር ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው ደለል ተገኝቷል። እንግዲህ የጎጃም ደጋ ከታች የተቀበረ ስምጥ አለው ማለት ነው፤ የኋለኞቹ ስንጥቆችም ባዶ ሜዳ ላይ አልተጀመሩም።

በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ነገሩን በሌላ በኩል አየው። እነዚህ ተመራማሪዎች በጣና ዙሪያ ያሉትን ድንጋዮች ዕድሜ በጥንቃቄ ለክተው፣ ከ31.1 እስከ 30.8 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ እጅግ ከባድ ፍንዳታዎች ተከስተው እንደነበርና ቢያንስ ከ2,000 እስከ 3,000 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር የሚሆን አመድና ቅልጥ አለት እንደተተፋ አሳዩ። እነሱ እንደሚሉት ውስጡ ባዶ የሆነው መሬት ተደርምሶ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ካልዴራ ሆነ፤ ጣና የተኛው በዚያ ውስጥ ነው። አንዱ ግራበን ሲል ሌላው ካልዴራ ይላል። ሁለቱ ግን የግድ አይጣሉም። ያን ያህል ቅልጥ አለት ወደ ላይ ለመውጣት መንገድ ያስፈልገዋል፤ ሦስት ስንጥቃም ሸለቆዎች ከሚገናኙበት ስፍራ የተሻለ መውጫ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የተደረመሰው መሬትም ቢሆን በነባሮቹ ስንጥቆች ላይ ሸርተት ብሎ ይወርዳል።

የጣና ስምጥ ለምን አልቀጠለም? ዋናው ስምጥ ሸለቆ የተከፈተበት መንገድ ፍንጭ ይሰጣል። ዛሬ የሶማሊያ ሰሌዳ የሚባለው የምድር ቅርፊት ክፍል ከኑቢያ ሰሌዳ የሚለየው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር በሚያህል ፍጥነት ነው፤ የሚጎተተውም ወደ ምሥራቅ በሚጠጋ አቅጣጫ ነው። መሬቱ ወጥ ቢሆን ኖሮ ስንጥቁ ከደቡብ ወደ ሰሜን ቀጥ ብሎ መሄድ ነበረበት። ሸለቆው ግን ከአርባ ምንጭ በሐዋሳና በዝዋይ በኩል አዋሽ እስኪደርስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያዘነብላል። ጣሊያናዊው ጃኮሞ ኮርቲና ባልደረቦቹ ይህን በቤተ ሙከራ ፈተሹት፤ በአሸዋና በዝልግልግ ነገር በተሠራ ትንሽ ሞዴል ከሥሩ የደከመ መስመር አኑረው ወደ ጎን ሳቡት። የዳር ስንጥቆቹ የተከፈቱት የደከመውን መስመር ተከትለው ነው። በኋላ መሐል ላይ የወጡት ትንንሽ ስንጥቆች ግን የዛሬውን የመሳሳብ አቅጣጫ ያዙ፤ በእኛ ስምጥ ሸለቆ መሐል የወንጂ ስንጥቅ ቀበቶ የሚባለው እንደዚያ ነው። ከአዲስ አበባ አጠገብ ካለው ከየረር ተራራ ወደ ምዕራብ እስከ ቱሉ ወለል የተዘረጋው የእሳተ ገሞራ መስመርም በጥንታዊ የመጋጠሚያ ድካም ላይ እንደወጣ ይታመናል፤ የወንጪ ሐይቅ ያለው በዚያ መስመር ላይ ነው።

ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ስምጥ ለመሆን የሚያበቃ አሮጌ መስመር አንድ ብቻ አልነበረም። በምሥራቅ በኩል ያለው ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ መከፈት ጋር ገጠመ፤ መጎተቱም ሁሉ ወደዚያው ሄደ። ጣና በደጋው መሐል ብቻውን ቀረ። ይህ ግን ሞተ ማለት አይደለም።

አለመሞቱን ለማየት ከዳንግላ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ከጣና ደቡብ ዳርቻ እስከ እንጅባራ ድረስ ሹል ሹል ኮረብታዎች ይታያሉ፤ ሣር ለብሰው፣ ባሕር ዛፍ ተተክሎባቸው ተራ ጉብታ ይመስላሉ። ጎናቸው ለመንገድ ሥራ ሲቆፈር ግን ቀይ አሽ ይወጣል፦ በእጅ ሲያዝ ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ ጠርዙ ጣት የሚቧጭር። ቀዳዳዎቹ ቅልጡ አለት ወደ ሰማይ ሲተፋ ያመለጠው ጋዝ የተዋቸው ናቸው። በጣና አካባቢ ከእነዚህ መሰል ወጣት ድንጋዮች አንዱ ዕድሜው ተለክቶ 33 ሺህ ዓመት ሆኗል። በጂኦሎጂ አቆጣጠር ይህ ትናንት ነው፤ ሰው በአካባቢው ኖሮ እሳቱን አይቶ ሊሆን ይችላል። ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅም የፍንዳታ አፍ ነው። ዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላው ዘንገና 166 ሜትር ይጠልቃል፤ ከጣና ከአሥር እጥፍ በላይ መሆኑ ነው።

የዳንግላ ሰው ከዚህ ሁሉ በዕለት ኑሮው የሚነካው የከርሰ ምድር ውኃውን ነው። ወረዳው የቆመው በውኃ መክፈያ ላይ ነው፤ አንዱ ወገን ዝናብ በግልገል ዓባይ በኩል ወደ ጣና ይሄዳል፣ ሌላው ወደ በለስ ቆላ ይወርዳል። ግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተጠቀመው ይህንኑ የከፍታ ልዩነት ነው፤ የጣናን ውኃ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ በደጋው ጠርዝ ሥር አሳልፎ ወደ በለስ ይጥለዋል። ቺዝማንን ዳንግላ ያስቀመጡት ሰዎች ያሰቡት ውኃው በዓባይ በኩል ወደ ሱዳን እንዲወርድ ነበር።

ደጋው ላይ ግን አርሶ አደሩ ውኃ የሚያወጣው በእጁ ከቆፈረው ጉድጓድ ነው። ቀዩ አፈርና ከሥሩ ያለው የበሰበሰ ባሳልት የክረምቱን ዝናብ መጠው ያቆያሉ፤ ጥቂት ሜትር ወርዶ ጠንካራ ድንጋይ ሲገኝ ቁፋሮው ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2014 በተጀመረ ጥናት በዳንገሸታ ቀበሌ የዝናቡን መጠን፣ የወንዙንና የጉድጓዱን ውኃ ከፍታ በየጊዜው እየለኩ የመዘገቡት የቀበሌው ነዋሪዎች ራሳቸው ናቸው። አንዱ ጉድጓድ በበጋ ሲደርቅ የጎረቤቱ የማይደርቀው የበሰበሰው ድንጋይ ውፍረት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይና ስንጥቅ ባለበት ውኃው ጠልቆ ስለሚገባ ነው። ከዚያ ጠንካራ ድንጋይ በታች በመሣሪያ ለመቆፈር የሚመጣ ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀውም ስንጥቁ በየት በኩል እንደሚያልፍ ነው።