ሚያዝያ 12ን ለነማን እናስታውስ?

 

ዒድ ሲደርስ መሥሪያ ቤት ይዘጋል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል። እኛ በዚህ ተወልደን አደግንበትና ሁሌም እንዲህ የነበረ ይመስለናል። አልነበረም። በንጉሡ ዘመን ዒድ የመንግሥት በዓል አልነበረም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 የመንግሥት ሃይማኖት የትኛው እንደሆነ በግልጽ ደንግጎ ነበር። ሙስሊሙም በአገሩ እንደ እንግዳ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባል ነበር።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አባቶቻችንና እናቶቻችን አዲስ አበባ ላይ አደባባይ ወጡ። ቁጥራቸው ወደ 100 ሺህ እንደሚደርስ ይገመታል። መፈክር እንጂ ድንጋይ አልያዙም። ክርስቲያን ወገኖቻቸውም አብረዋቸው ተሰለፉ። ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን የቀረበው ጥያቄ 13 ነጥቦች ነበሩት፤ በዓላቱ ይከበሩ፣ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል፣ የራሳችን ተቋም ይኑረን የሚሉት ይገኙበታል።

መልሱ ግን ቀስ እያለ ነው የመጣው። ዒደል ፈጥር፣ ዒደል አድሓና መውሊድ በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ በዓል ሆኑ። የሃይማኖትና የመንግሥት መለያየት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 ሰፈረ። መጅሊሱ በአዋጅ የተቋቋመው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ከሰልፉ 46 ዓመት በኋላ! ከሰልፈኞቹ ብዙዎቹ ይህን ሳያዩ ወደ አኼራ ሄደዋል። ኮልፌ መቃብር ጀናዛ ስንሸኝ በአጠገባቸው የምናልፋቸው ስንቶቹ የዚያ ቀን ሰዎች እንደሆኑ ማን ያውቃል?

ታዲያ እንዴት እናክብራቸው? ቀብር በማስዋብ አይደለም። ዱዓ እናድርግላቸው፣ ሶደቃ እናውጣላቸው። መንገዳቸውንም አንልቀቅ። በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ የተነሳው ድምፅ በዝምታና በነጭ ወረቀት ሲጠይቅ ያንኑ መንገድ ነበር የተከተለው። በእነሱ ስም ጎረቤቱን የሚሳደብ ሰው ግን አብሯቸው የተሰለፈውን ክርስቲያን ረስቷል፤ እነሱንም አላከበረም።

አንድ ነገር አደራ እንበላችሁ። በየቤታችን ያን ቀን የሚያስታውሱ አዛውንቶች አሉ። በዚህ ሳምንት አንዳቸው ዘንድ ቁጭ በሉ። ጠይቁ፣ በስልካችሁ ቅዱ፣ ያላቸውን ፎቶ አንሱ። ነገ ጀናዛቸውን ስንሸኝ ታሪካቸው አብሮ እንዳይቀበር።

አላህ ይዘንላቸው፤ ማረፊያቸውን ጀነተል ፊርደውስ ያድርግልን። አሚን!