ዳግም

አዲስ አበባ ዳር፣ ሳንሱሲ ውስጥ አረቄ ቤት ገብቶ «ዳግም አለ?» ያለ ሰው ሌላ ማብራሪያ አይጠየቅም። ዳግም ማለት እንደገና፣ ለሁለተኛ ጊዜ ማለት ነው፤ ዳግማይ ትንሣኤ ስንልም ይኸው ነው። መለኪያ ፊት ሲቀርብ ግን ራሱን ችሎ የመጠጥ ስም ይሆናል።

«አረቄ» ከዓረብኛው «ዐረቅ» የመጣ ነው፤ ላብ ማለት ነው። ድፍድፉ ሲፈላ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ጠብ ጠብ ይላል። በእርግጥም ላብ ነው! ይህ ተራው ነው። ተራው ተመልሶ ሲወጣ ዳግም ይባላል፤ ጥራትም ጉልበትም ይጨምራል።

የሜክሲኮው ቴኪላም ዳግም ነው። የቃጫ ዘመድ ከሆነው ሰማያዊ አጋቬ ተጠምቆ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ስሙን ያገኘው ከከተማ ነው፤ ሜክሲኮም በ1974 እ.ኤ.አ. በሕግ አስከብራዋለች። በበርሜል 1 ዓመት የቆየው «አኜሆ»፣ 3 ዓመት የቆየው «ኤክስትራ አኜሆ» ይባላል። ውድ ቴኪላ የሚሰበስቡ ሰዎች ጠርሙሱን አንስተው እነዚህን ቃላት ያነባሉ።

የደብረ ብርሃን፣ የአርሲ ነገሌ እያልን አረቄያችንን በአገሩ የምንጠራው እኛም የቃል ሀብት አለን። እባካችሁ፣ አንዴ ብቻ የወጣውን ዳግም ብላችሁ አትሽጡ።