የብርብራ ጥላ

እኛ የዘንድሮ ወጣቶች ቀይ ባሕርን የምናውቀው በካርታና በቁጭት ነው። ስለ ዓሣ የምንከራከረውም የጾም ሰሞን ይበላል አይበላም በሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ «የዓሣ ሀብት ፖሊሲ» የሚባል ነገር ሲነሳ፣ ያውም ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ ቡና ጋር ሲነሳ፣ ቢገርማችሁ አንፈርድባችሁም። ግን እስቲ ታገሱን፤ ነገሩ ከምፅዋ ይጀምራል።

ባሕር በነበረን ዘመን ዓሣ እናወጣ ነበር። በ1954 እ.ኤ.አ. ከቀይ ባሕር የወጣው ወደ 25,000 ቶን ይጠጋል። አብዛኛው ሰርዲንና መሰል ደቃቅ ዓሣ ሲሆን ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ዱቄት ሆኖ ወደ ውጭ ይሸጥ ነበር። በኋላ ምርቱ አሽቆለቆለ፣ ጦርነቱም መጣ፤ በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ባሕሩ አብሮ ሄደ። የቀሩን ሐይቆችና ወንዞች ናቸው።

ከሐይቆቹ ትምህርቱን ከሁሉ በላይ የሰጠን ጣና ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ኡርክ ከምትባል የኔዘርላንድ የዓሣ አስጋሪዎች መንደር የመጡ በጎ አድራጊዎች ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማት ክንፍ ጋር ሆነው የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ አስገቡ። በመረብ የሚሰገረው ዓሣ በ1987 ከነበረበት 39 ቶን በ1997 ወደ 360 ቶን ወጣ። ማን ይጠላል? ብቻ እነ ናግልኬርከ፣ ሲቢንግና ደ ግራፍ የተባሉት የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በኋላም በዚያው ዩኒቨርሲቲ በጣና ዓሣ አስተዳደር ላይ የዶክትሬት ጽሑፉን በ1998 ያቀረበው ተስፋዬ ውድነህ፣ ከቶኑ ጀርባ ያለውን ማየት ጀመሩ። ጣና በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉት። ከእነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላላቸውን ሊጥሉ ወደ ጉማራና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። መረቡ የሚጠብቃቸው እዚያው በር ላይ ነው! ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በወንዝ የሚራቡት ዝርያዎች ክብደት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱ ተመዘገበ።

ተመራማሪዎቹ ከመረቡ ሌላ ያነሱት ጥፋተኛ አለ፤ ብርብራ። ፍሬው ተወቅጦ በረጋ ውኃ ላይ ሲበተን ሮቴኖን የሚባል መርዝ ይለቅቃል፤ ዓሣው አየር አጥቶ ይንሳፈፋል። መረብ ቢያንስ በቀዳዳው ስፋት ትልቁን ከትንሹ ይለያል፤ ብርብራ ግን ትናንት የተፈለፈለውንም አይምርም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በመርዝና በፈንጂ ዓሣ ማስገርን ከለከለ።

እንግዲህ ወደ ቴፒና ወደ ሚዛን እንምጣ። እዚያ ብርብራ የቡና ጥላ ነው። ከዋንዛና ከሳሳ ጋር ቡናው ላይ ቆሞ ፀሐይ ይከልላል፤ የአተርና የባቄላ ዘመድ ስለሆነም አፈሩን ናይትሮጅን ይመግባል። ገበሬው ቢንከባከበው እውነቱን ነው። ከጥላው ሥር የሚወርዱት ጅረቶች ደግሞ ወደ ባሮና አኮቦ ተፋሰስ፣ ከዚያም በሶባት አድርገው ወደ ነጭ ዓባይ ይገባሉ። በኢትዮጵያ በዓሣ ዝርያ ብዛት የሚስተካከለው የሌለው ይሄ ተፋሰስ ነው፤ ከ100 በላይ ዝርያዎች ተቆጥረውበታል። ስለ ዓሣ ስናወራ ጣናን፣ ዝዋይንና ጫሞን ብቻ መጥራታችን ስለዚህ ያስተዛዝባል።

ሁለተኛው መርዝ ከራሱ ከቡናው ይመጣል። የታጠበ ቡና ዋጋው ከፍ ይላል፤ ማጠቢያ ጣቢያው ውኃ ስለሚፈልግ ወንዝ ዳር ይተከላል። የገለፈቱ ፍሳሽ ወንዝ ሲገባ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። በጅማ አካባቢ ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከማጠቢያዎቹ በታች ውኃው ምን ያህል እንደሚጎዳ አሳይተዋል። ለዓሣው ልዩነት የለውም፤ በብርብራም ታፈነ በገለፈት ያው መታፈን ነው። ለእኛ ግን አንዱ ወንጀል፣ ሌላው የውጭ ምንዛሪ ሆኗል።

ሕግ የለም እንዳንል አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የወጣው በዚያው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዓሣው አዋጅ የሚለየው በ15 ቁጥር ብቻ ነው። ፍሳሹ በአንዱ፣ ዓሣው በሌላው ይተዳደራል። በእኛ እይታ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ የዓሣ ተቆጣጣሪ የሚባለው ሰው ጀልባ፣ መረብና የዓሣ መሸጫ ላለበት ሐይቅ የታሰበ ነው። ጀልባ በማይቀዝፍበት የቡና መሐል ጅረት የት ይቆማል? ቢቆምስ ማጠቢያ ጣቢያውን «ፍሳሽህን በጉድጓድ አጠራቅም» ብሎ የማዘዝ አቅም አለው? ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ሚዛን አማንና ቴፒ ከቦንጋና ከተርጫ ጋር የአዲሱ የደቡብ ምዕራብ ክልል መቀመጫዎች ናቸው፤ ጥያቄው አሁን የቅርብ ባለቤት አለው። እሸት ቡናው ደግሞ ክረምቱ እንደወጣ መለቀም ይጀምራል፤ ያኔ በክረምቱ የተፈለፈሉት ጫጩቶች ገና ከጅረቱ አልወጡም።