የአዲስ አበባ መሪ ፕላኖችና የነዋሪው ድምፅ

መሪ ፕላን የአንድ ከተማ መንገድና መኖሪያ፣ ገበያና ፋብሪካ ወደፊት የት እንደሚውል የሚወስን ሰነድ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ታሪክ ውስጥ እነዚህ ሰነዶች ለረጅም ጊዜ የተጠሩት ባዘጋጇቸው ባለሙያዎች ስም ነው፤ ነዋሪው በውስጣቸው የሚገኘው በሕዝብ ብዛት አኃዝ እንጂ ሐሳቡን እንደሰጠ ወገን አልነበረም።

በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ከተማ መጀመሪያ ያደገችው ያለ ፕላን ነው። መኳንንቱና የጦር አለቆቹ በተመሩት ቦታ ላይ ከነተከታዮቻቸው ሰፈሩ፤ በቤተ መንግሥቱ ግቢና በአራዳ ገበያ ዙሪያም ሀብታሙና ድሃው ጎን ለጎን የሚኖርባቸው ሰፈሮች ተፈጠሩ። ይህን አሰፋፈር ለመበተን የታቀደው በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሆን፣ ጉዊዲና ቫሌ የተባሉት የጣሊያን አርክቴክቶች ያዘጋጁት ፕላን ከተማዋን በዘር ከፍሎ ምዕራቡን ለአገሬው ሰው መደበ። የአራዳው ገበያ ተነሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ የተዛወረው በዚህ ውሳኔ ነው። ወራሪው ከተነቀለ በኋላ የዘር ክፍፍሉ ሕግ ቢቀርም ገበያው በሄደበት ጸንቶ ቀረ፤ አንድ ጊዜ መሬት ላይ ያረፈ ፕላን ከአውጪው አገዛዝ ይልቅ ዕድሜው እንደሚረዝም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት የሕዝብ እንደራሴዎች በሕዝብ እንዲመረጡ ደነገገ፤ በዚያው ጊዜ ገደማ እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ለአዲስ አበባ አዲስ ፕላን አቀረበ። የመጀመሪያው ምርጫ ሲካሄድ ፓርቲ አልነበረም፤ የፓርላማው ምክር ቤቶች ሥራቸውን የሚጀምሩትም በየዓመቱ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ ንግግር ነበር፤ ስለዚህ የዓመቱን ሥራ ሚዛን የሚያሳየው ዙፋኑ እንጂ እንደራሴው አልነበረም። ከአበርክሮምቢ በኋላ ፈረንሳዊው ዴ ማርየን ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ምድር ባቡር ጣቢያ የሚወርደውን ጎዳና የከተማዋ አከርካሪ አድርጎ ሲነድፍም ነገሩ የመንግሥትና የባለሙያው ጉዳይ ሆኖ ቀጠለ።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ የተቋቋመው ቀበሌ የከተማውን ነዋሪ በየሰፈሩ ለስብሰባ ጠራው። ለውጡ ቀላል አልነበረም፤ ነገር ግን ስብሰባው በአብዛኛው የተወሰነውን መንገሪያ ሆኖ ቆየ።

የምክክር ሕጋዊ መሠረት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ደግሞ የሕዝብ ተሳትፎን ከፕላን ዝግጅት መርሆዎች አንዱ አድርጎታል። በምክር ቤት በኩልም አሠራሩ ተዘርግቷል፤ ረቂቅ ሕግ ለዝርዝር እይታ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ኮሚቴውም አመንጪው መሥሪያ ቤት ስለ ረቂቁ የሚያብራራበትን የአስረጂ መድረክና የባለድርሻ አካላትን ውይይት አካሂዶ የውሳኔ ሐሳቡን ያቀርባል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዓመታዊ የሥራ ጊዜ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ሰኔ 30 ስለሚያበቃ፣ የኮሚቴዎቹ የዓመት ማጠቃለያ የሚደመጠው በክረምቱ ደጃፍ ላይ ነው። ማጠቃለያው ስንት ረቂቅ እንደታየ፣ ስንት የመስክ ምልከታ እንደተደረገና ስንት መድረክ እንደተጠራ ሲዘረዝር፣ በመድረኩ የተነሣው ሐሳብ በሰነዱ ላይ የትኛውን መስመር እንደቀየረ ግን ብዙ ጊዜ አይናገርም፤ የምክክር ዋጋ የሚለካው ደግሞ በዚህ ነው።

ምክክር ሲዘገይ የሚያስከፍለው ዋጋ የአዲስ አበባና በዙሪያዋ የነበረውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን በአንድነት ያቀፈው የተቀናጀ መሪ ፕላን በወጣበት ጊዜ በግልጽ ታየ። ከመሬቴ እነቀላለሁ ብሎ የሰጋው አርሶ አደርና ከጎኑ የቆመው ወጣት በ2006 ዓ.ም. ያሰሙት ተቃውሞ በ2008 ዓ.ም. በእጅጉ ሰፍቶ፣ የብዙ ሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ ፕላኑ በዚያው ዓመት ጥር ወር እንዲቀር ተደረገ። ለገበሬው አስቀድሞ ሊመለስለት ይገባ የነበረው ጥያቄ ማሳዬ ምን ይሆናል የሚል ነበር፤ ይህ ጥያቄ በኮሚቴ አዳራሽ ሳይሰማ ቀርቶ ጎዳና ላይ መሰማቱ የሕግ አውጪውም የአስፈጻሚውም ከባድ ጉድለት ነው።

ከዚያ በኋላ በ2009 ዓ.ም. የጸደቀው መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የከተማዋን አጠቃላይ የመሬት አጠቃቀምና ዋና ዋና መሠረተ ልማት የሚያሳየው ሰነድ፣ በከተማዋ የአስተዳደር ወሰን ተወስኖ ለ10 ዓመት የተዘጋጀ ነው። ዘመኑ ሲያበቃ ቀጣዩን ፕላን የሚመለከተው የከተማው ምክር ቤት ኮሚቴ፣ በዓመት መጨረሻ ሪፖርቱ ከመድረኮቹ ቁጥር ጎን የትኛው ሰፈር ምን እንደጠየቀ፣ የትኛው ጥያቄ ተቀባይነት እንዳገኘና ያላገኘው በምን ምክንያት እንደሆነ በጽሑፍ ሊያሰፍር ይገባል።